«ከሁሉም የበለጠ የያዘውን ቋት አውርዱ» ለሚለው ምክር የተሰጠ ምላሽ

በትናንሽ አርኤንኤዎች (ፕሮቲን የማይሠሩ አጫጭር የአርኤንኤ ክሮች) ላይ ለሚሠሩ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች መመሪያ እንዲሆን ታስቦ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቷል። ፍሬ ሐሳቡ ባጭሩ ይኸው ነው፦ የተለያዩ እንስሳትን ማይክሮ አርኤንኤ (22 ፊደል ገደማ የሚረዝም፣ ሌሎች ጂኖችን የሚያፍን አርኤንኤ) ማወዳደር የፈለገ ሰው ብዙ መዝገብ ያለውን ሚርቤዝ የተባለ ቋት (ዳታቤዝ) ያውርድ፤ በሰው ዓይን እየተጣራ የሚዘጋጀው ሚርጂንዲቢ ትንሽና ቀርፋፋ ስለሆነ ይለፈው፤ የጎደለውን ሶፍትዌር ይሙላለት፤ በአንድ እንስሳ ያልተገኘውን ማይክሮ አርኤንኤ በዝግመተ ለውጥ ጠፍቷል ብሎ ይመዝግብ፤ ስማቸው አንድ የሆነውን አቻ አድርጎ ይቁጠር፤ ፒዊ አርኤንኤ የሚባሉትን ሌላ የትናንሽ አርኤንኤ ወገንም በዚያው መንገድ ያወዳድር፤ አዳፕተር (ለንባብ ሲባል በአርኤንኤው ጫፍ የሚቀጠል ሰው ሠራሽ ቅደም ተከተል) መቁረጥ ደግሞ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነውና ብዙ አይጨነቅበት። የጽሑፉ ቅንነት አያጠራጥርም፤ ለጀማሪ በሚገባ ቋንቋ መጻፉም ያስመሰግነዋል። ምክሩን እንዳለ የተከተለ ተማሪ ግን የሚያወዳድረው እንስሳትን ሳይሆን መዝገብ ያዦችን ይሆናል። ለምን እንደሆነ ነጥብ በነጥብ እንየው።

እውነት የሆነውን አስቀድመን እንቀበል። ሚርቤዝ እ.ኤ.አ. በ2002 የማይክሮ አርኤንኤ መዝገብ ሆኖ የተጀመረ፣ ዛሬም ድረስ ዓለም የሚጠራባቸውን ስሞች ያወጣ ቋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው 22ኛ እትሙ ከ271 ፍጥረታት የተሰበሰቡ 38,589 ሄርፒኖችን (ማይክሮ አርኤንኤ ተቆርጦ የሚወጣባቸው፣ በራሳቸው ላይ የታጠፉ አርኤንኤዎች)፣ ከእነሱም የሚወጡ 48,860 አጫጭር ቅደም ተከተሎችን ይዟል። ዕፅዋትና ቫይረሶች አሉበት። ሚርጂንዲቢ የእንስሳት ብቻ ነው፤ ዕፅዋት የሚያጠና ሰው እዚያ የሚያገኘው የለም። በቅርቡ በአንድ ዝርያ ብቻ የተገኘና ገና ብዙ ማስረጃ ያልቀረበበት ማይክሮ አርኤንኤ የሚፈልግ ሰውም ሚርቤዝን ማየቱ ትክክል ነው። እስከዚህ ድረስ ጠብ የለንም።

ጠቡ የሚጀምረው «ብዙ መዝገብ ማለት ብዙ እውቀት ማለት ነው» ከሚለው ነው። በዚያው 22ኛ እትም ላይ ለሰው 1,917፣ ለትንሿ የላቦራቶሪ አይጥ 1,234፣ ለትልቁ የላቦራቶሪ አይጥ ደግሞ 496 ሄርፒኖች ተመዝግበዋል። ሁለቱ አይጦች የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። ትንሿ ከትልቁ በሁለት እጥፍ ተኩል የሚበልጥ የማይክሮ አርኤንኤ ጂን አላት ብሎ የሚያምን የዘረመል ተመራማሪ አናውቅም። ልዩነቱ የመጣው ከእንስሳቱ አይደለም፤ በትንሿ አይጥ ላይ የሠሩት ላቦራቶሪዎች ብዛት ነው የተመዘገበው። ይህን ቁጥር ወስዶ የዝግመተ ለውጥ ዛፍ ላይ የሰካ ሰው የምርምር በጀት ዛፍ ይሥላል።

ቁጥሩ እንዲህ ያበጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሚርቤዝ የተቋቋመበት አሠራር፣ ተገምግሞ ለኅትመት የበቃ ጥናት ላይ የቀረበን ማይክሮ አርኤንኤ ስም ሰጥቶ መመዝገብ ነው። እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ ድረስ ማይክሮ አርኤንኤ የሚገኘው አንድ በአንድ በመከራ ስለነበር አሠራሩ ችግር አላመጣም። በአንድ ጊዜ ሚሊዮን ቅደም ተከተሎችን የሚያነቡ ማሽኖች ሲመጡ ግን በሕዋስ ውስጥ ያለው የተሰባበረ አርኤንኤ ሁሉ አብሮ ተነበበ፤ ከስብርባሪው መካከል ሄርፒን የሚመስል አጥቶ የሚያድር ጂኖም ደግሞ የለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የሚርጂንዲቢ መሥራቾች መዝገቡን አንድ በአንድ ሲያጣሩ፣ በጊዜው ከነበሩት 1,881 የሰው መዝገቦች አስተማማኝ ማስረጃ ያላቸው ከሲሶ በታች ሆነው ተገኙ። ከተመለከቷቸው 7,095 የእንስሳት መዝገቦች ደግሞ 16 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው ያለፉት። በሰው መዝገብ ላይ ሚር-720፣ ሚር-1274ኤ እና ሚር-1274ቢ ተብለው ለዓመታት የቆዩት ኋላ ላይ የትራንስፈር አርኤንኤ (ፕሮቲን ሲሠራ አሚኖ አሲድ የሚያቀብል አርኤንኤ) ቁርጥራጮች መሆናቸው ታውቆ ከሚርቤዝ ወጥተዋል። ከመዝገብ ወጡ እንጂ ከጥናቶች አልወጡም፤ ሚር-720ን የካንሰር ምልክት አድርገው ያቀረቡ ጽሑፎች ዛሬም ይጠቀሳሉ። የሞተው አባል ስሙ ሳይሰረዝ መዋጮ የሚጠበቅበትን የእድር መዝገብ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም።

ሚርጂንዲቢ «ትንሽ» መባሉም ከጊዜው ጋር አልሄደም። 3.0 የተባለው እትሙ 114 የእንስሳት ዝርያዎችን፣ 21,822 ጂኖችንና 1,743 ቤተሰቦችን ይዟል። የሰው ድርሻ አምስት መቶ ከምናምን ነው። ዋናው ቁም ነገር ግን ብዛቱ ሳይሆን፣ 114ቱም ዝርያዎች በአንድ መስፈርት መታየታቸው ነው። ዝርያን ከዝርያ ለማወዳደር «አለ» የሚለው ቃል በሁሉም ዘንድ አንድ ትርጉም ሊኖረው ይገባል፤ «የለም» የሚለውማ ከዚያም በላይ።

ሁለተኛው ነጥብ «ዘመኑ የሶፍትዌር ነው፤ በዓይን ማጣራት ያለፈበት ነው፤ ሚርዲፕ2 ውጤት አውጥቶ ይሰጣችኋል» የሚለው ነው፤ ሚርዲፕ2 ከንባብ ውስጥ ማይክሮ አርኤንኤ የሚፈልግ ፕሮግራም ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ በዓይን የሚታየው ምን እንደሆነ ያላወቀ ሰው ሶፍትዌሩ ምን እንደሚስትም አያውቅምና።

የእንስሳ ማይክሮ አርኤንኤ ሁለት ጊዜ ይቆረጣል። በኒውክሊየስ ውስጥ ድሮሻ የተባለው ኢንዛይም ሄርፒኑን ከግንዱ ሥር ይቆርጠዋል፤ ከኒውክሊየስ ውጭ ደግሞ ዳይሰር ቀለበቱን ቆርጦ ይጥላል። ሁለቱም በ3 ፕራይም (በክሩ መጨረሻ) በኩል ሁለት ፊደል ተርፎ እንዲወጣ አድርገው ነው የሚቆርጡት። ስለዚህ እውነተኛ ማይክሮ አርኤንኤ ንባቦቹ (ማሽኑ ያነበባቸው ቅደም ተከተሎች) በሄርፒኑ ላይ ሲደረደሩ የሚተወው አሻራ አለው። ከሁለቱም ክንዶች የመጡ፣ ከ20 እስከ 26 ፊደል የሚረዝሙ ንባቦች ይታያሉ፤ አንደኛው ክንድ ዋናው ክር ነው፣ ሌላኛው በቁጥር አነስ ያለው ተጓዳኙ ነው። ሁለቱን አጣምረን ስናጥፋቸው በሁለቱም ጫፍ የሁለት ፊደል ትርፍ ይወጣል። በመካከላቸው ያለው ቀለበት ቢያንስ 8 ፊደል ነው። በግንዱ ላይ ቢያንስ 16 ፊደሎች ጥንድ ጥንድ ይሆናሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የ5 ፕራይም ጫፍ (የክሩ መጀመሪያ) አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ መቶ ንባብ ቢኖር ዘጠና ምናምኑ ከአንድ ፊደል ይጀምራል።

የ5 ፕራይሙ ጥብቅነት ለይምሰል አይደለም። ሌት-7 የተባለው የታወቀ ማይክሮ አርኤንኤ የመጀመሪያ ፊደሎቹ ዩ-ጂ-ኤ-ጂ-ጂ-ዩ-ኤ-ጂ-ዩ ናቸው። ዒላማውን የሚመርጠው ሲድ የሚባለው ክፍል፣ ከሁለተኛው እስከ ስምንተኛው ያለው፣ ጂ-ኤ-ጂ-ጂ-ዩ-ኤ-ጂ ነው። ቆረጣው አንዲት ፊደል ወደ ውስጥ ቢገባ ሲዱ ኤ-ጂ-ጂ-ዩ-ኤ-ጂ-ዩ ይሆንና የሚይዛቸው ዒላማዎች ዝርዝር ይለወጣል። ይህ በሐሳብ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። ከባሕር አኒሞን ወገን የሆነችው ኔማቶስቴላ ሚር-100 አላት፤ በእኛና በነፍሳት ዘንድ ካለው ሚር-100 ጋር ሲተያይ ግን ጅማሬው በአንድ ፊደል የተንሸራተተ ነው። በኮምፒውተር ተመሳሳይነት ፍለጋ ሁለቱ ያው አንድ ናቸው፤ በሥራ ግን አይደሉም።

በአንጻሩ የተሰባበረ ትራንስፈር አርኤንኤ ወይም ሪቦሶማዊ አርኤንኤ ንባቦቹን ስትደረድር መሰላል ይሠራል፦ አንዱ ከዚህ፣ ሌላው ሁለት ፊደል አለፍ ብሎ፣ ሦስተኛው ከዚያም አልፎ ይጀምራል፤ ተጓዳኝ ክር የለውም፣ ቢኖረውም የሁለት ፊደሉን ትርፍ አይሠራም። ይህን በዓይን ለመለየት ለአንድ ሄርፒን ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

ሚርዲፕ2 ጥሩ መሣሪያ ነው፤ አዲስ ዝርያ ስትጀምር ያለ እሱ መነሳት ይከብዳል። ሆኖም ነጥቡን ሲሰጥ የንባቦች ብዛት ትልቅ ሚዛን ስላለው፣ በአንድ ክንድ ብቻ ብዙ ሺህ ንባብ ያለው ቁርጥራጭ ተጓዳኝ ሳይኖረው ከፍ ያለ ነጥብ ይዞ ሊወጣ ይችላል። ሁለተኛ፣ ከመነሻው ከአምስት ቦታ በላይ የሚያርፍ ንባብን እንዲጥል ተደርጎ ነው የተሰናዳው። ይህ ልክ ለአብዛኛው ሥራ ይበጃል፤ የዜብራፊሽን ሚር-430 ግን ገደል ይከተዋል። ሚር-430 በደርዘን የሚቆጠሩ ቅጂዎች ያሉት፣ ፅንሱ ከእናቱ የወረሰውን መልእክተኛ አርኤንኤ የሚያጸዳ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከሁሉም ይልቅ የሚበዛ ማይክሮ አርኤንኤ ነው። ልኩን ሳትነካ ካስኬድከው ከዓሣው ፅንስ ውስጥ ትልቁ ነገር ሾልኮ ይቀርብሃል። በተቃራኒው ጫፍ ቆሞ «አንድ ቦታ ብቻ የሚያርፍ ንባብ እንቀበል» የሚል አለ፤ እሱ ደግሞ የሰውን ሌት-7ኤ ያጣል፣ ሦስት ጂኖች ያንኑ አንድ ቅደም ተከተል ነውና የሚያወጡት። የሚሻለው ንባቡን በተቆረጠው ቅደም ተከተል ደረጃ አንድ ጊዜ መቁጠር፣ ከየትኛው ጂን እንደመጣ ግን አለመከራከር ነው።

መስፈርቱ ራሱ ልዩ ሁኔታዎች አሉት፤ ይህን የሚያውቀውም ሰው ነው። ሚር-451 በዳይሰር አይቆረጥም። ሄርፒኑ 42 ፊደል ብቻ ስለሆነ ለዳይሰር አጭር ነው፤ የሚቆርጠው አርጎኖት 2 የተባለው ፕሮቲን ነው፤ ተጓዳኝ ክርም ሆነ ተቆርጦ የሚወድቅ ቀለበት የለውም። ሕጉን በጭፍን የሚያስፈጽም ፕሮግራም ይጥለዋል፤ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ግን ከዋናዎቹ አንዱ ነው። ከሌት-7 ቤተሰብ አንዳንዶቹም ድሮሻ ሲቆርጣቸው የሚተርፈው ሁለት ፊደል ሳይሆን አንድ ነው፤ ዳይሰር ጋ ከመድረሳቸው በፊት አንዲት ዩ ትቀጠልላቸዋለች። እነዚህን እንደ ስሕተት የሚቆጥር አውቶማቲክ ማጣሪያ ከሁሉም የታወቀውን ቤተሰብ ሊሸራርፍ ይችላል።

ሦስተኛውና በእኛ ግምት ከሁሉም የሚጎዳው ምክር «በቋቱ ውስጥ ለዚያ እንስሳ ካልተመዘገበ ጠፍቷል በሉ» የሚለው ነው። ማይክሮ አርኤንኤዎች አንዴ በአንድ የዘር ሐረግ ውስጥ ከተተከሉ በቀላሉ አይነቀሉም፤ ለዝምድና ጥናት የተፈለጉትም በዚሁ ባሕርያቸው ነው። በ2010ዎቹ መጀመሪያ ላይ የሚርቤዝን መዝገብ እንዳለ ወስደው «እየጠፉ ነው» ያሉ ጥናቶች ወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በደንብ የተጣሩ ዝርያዎች ብቻ ተወስደው ሲታይ ያ ሁሉ መጥፋት አልተገኘም። እውነተኛ መጥፋት የለም ማለት አይደለም። ጥገኛ ጠፍጣፋ ትሎች ብዙ ቤተሰቦችን ጥለዋል። ኒሚዮፕሲስ የተባለችው ባለ ማበጠሪያ የባሕር እንስሳ ጭራሽ ድሮሻ የላትም፤ ማይክሮ አርኤንኤም አልተገኘባትም። እነዚህ ግን ተፈልገው ተፈልገው የታጡ ናቸው።

«የለም» ከማለት በፊት የሚጠየቁት ነገሮች ብዙ አይደሉም። ናሙናው ከየትኛው አካል ነው? ሚር-122 የጉበት፣ ሚር-124 የነርቭ፣ ሚር-1 እና ሚር-133 የጡንቻ ናቸው። ደም ብቻ ቀድቶ ሚር-124 ጠፋ ማለት ገበያ ሳይወጡ ጨው ጠፋ እንደማለት ነው። አሴምብሊው (ከንባቦች የተገጣጠመው ጂኖም) ምን ያህል ሙሉ ነው? የሰው ጂኖም እንኳ ሳይነበብ የቀረው 8 በመቶ ገደማ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው፤ የወፎች ትናንሽ ክሮሞዞሞች ጂ እና ሲ የበዙባቸው ስለሆኑ በአጭር ንባብ በተሠሩ አሴምብሊዎች ላይ በየቦታው ይጎድላሉ። እህት ዝርያዎቹስ ምን ይላሉ? በሁለት ዘመዳሞች መካከል ያለ አንድ ዝርያ ብቻውን ቤተሰቡን ካጣ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጂኖሙን የገጣጠመው ፕሮግራም ነው።

አንድ የአገር ቤት ምሳሌ እንውሰድ። የጭላዳ ዝንጀሮ ጂኖም እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። አንድ ተማሪ የጭላዳን ማይክሮ አርኤንኤዎች ማወቅ ፈልጎ የንባብ መረጃ የለውም እንበል። በጽሑፉ ምክር ቢሄድ ሚርቤዝ ላይ ስሙን ፈልጎ፣ የሰው 1,917 ሄርፒኖችን ብላስት በተባለው የተመሳሳይነት መፈለጊያ ፕሮግራም ጭላዳው ላይ ፈትሾ፣ የቁርጥራጮቹን ሐሰት ሁሉ ወደ አዲስ ዝርያ ያጋባል፤ የትራንስፈር አርኤንኤ ቁራጭ በጭላዳም አለና «ተጠብቆ የቆየ» ብሎ ይጽፈዋል።

የሚሻለው መንገድ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ሚርማሺን የተባለ ፕሮግራም ከሚርጂንዲቢ ቤተሰቦች በተሠሩ የኮቫሪያንስ ሞዴሎች ጂኖምን ይፈትሻል፤ እነዚህ ሞዴሎች የፊደሎቹን መመሳሰል ብቻ ሳይሆን የግንዱን አተጣጠፍም አብረው ይመዝናሉ። የሚያስፈልገው የጂኖሙ ቅደም ተከተል የተጻፈበት ፋስታ ፋይልና እንስሳው በዛፉ ላይ ያለበት ቅርንጫፍ ስም ነው። የሚወጣውን ዝርዝር በጥልቀት ከተጠናው ዘመዱ ከሬሰስ ማካክ ዝርዝር ጎን አስቀምጥ። በማካክ ኖሮ በጭላዳ ለጠፋ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ጎረቤት ጂኖቹን ሂድና እይ። ለምሳሌ ሚር-208ኤ የሚገኘው ኤምዋይኤች6 በተባለው የልብ ማዮሲን ጂን ኢንትሮን (ፕሮቲን የማይጽፍ የጂን ክፍል) ውስጥ ነው። ኤምዋይኤች6ን በአሴምብሊው ላይ አግኝተህ ኢንትሮኑ በኤን ፊደሎች (ያልተነበበ ቦታ ምልክት) ተሞልቶ ካየኸው፣ የጠፋው ማይክሮ አርኤንኤው ሳይሆን ንባቡ ነው። ኢንትሮኑ ሙሉ ሆኖ ሄርፒኑ ግን ተበላሽቶ ከተገኘ ያኔ «ጠፍቷል» የሚለው ቃል ሚዛን ይደፋል። የሚርማሺን ድክመትም ይነገር፦ የሚያገኘው የታወቁ ቤተሰቦችን ብቻ ነው፤ በጭላዳ ብቻ የተወለደ አዲስ ቤተሰብ ካለ ያለ አርኤንኤ ንባብ አይታየውም።

ስለ ስሞች ብዙ ማለት አያስፈልግም። «ስማቸው አንድ ከሆነ አቻ ናቸው፣ ስማቸው ከተለያየ አይደሉም» የሚለው በሁለቱም በኩል ውሃ አያነሳም። ቁጥሮቹ የተሰጡት በግኝት ተራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በትል ላይ የተገኘው የመጀመሪያው ማይክሮ አርኤንኤ ሊን-4 ይባላል፤ በሰው ዘመዱ ሚር-125 ነው። የሰው ሚር-141፣ ሚር-200 እና ሚር-429 አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ የዝንቧ አባል ግን ሚር-8 ይባላል። ሚር-10፣ ሚር-99፣ ሚር-100 እና ሚር-125 ከአንድ ሥር የመጡ ስለሆኑ ሚርጂንዲቢ ሁሉንም በሚር-10 ቤተሰብ ሥር አድርጎ፣ የእያንዳንዱን የዘር ቅርንጫፍ በፊደልና በቁጥር ለይቷል። ለዓይን አይመችም፤ ለሠንጠረዥ ግን ይመቻል። በሚርቤዝ ስም መሥራት ግድ ከሆነ ከስሙ ይልቅ የመዝገብ ቁጥሩን ያዝ። የሰው ሌት-7ኤ የ5 ፕራይም ክንድ ቁጥሩ ኤምአይኤምኤቲ0000062 ነው፤ ስሞች ከእትም እትም ተቀይረዋል፣ በኮከብ ምልክት ይጻፍ የነበረው ተጓዳኝ ክር ወደ 5ፒ እና 3ፒ ተዛውሯል፣ ቁጥሩ ግን አልተነካም። የተጠቀምክበትን እትምም አብረህ ጻፍ።

ፒዊ አርኤንኤዎችን «በዚያው መንገድ» ማወዳደር አይቻልም ስንል የምንናገረው ስለ ችሎታ ሳይሆን ስለ ባሕርያቸው ነው። ማይክሮ አርኤንኤ ጂን ነው፤ አንድ ሄርፒን፣ አንድ ቦታ፣ በመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት የማይለወጥ ቅደም ተከተል። ፒዊ አርኤንኤ ግን ክላስተር ከሚባል ረጅም የጂኖም ክፍል ላይ በሺዎች እየተቆረጠ የሚወጣ ነው፤ ዋና ሥራው ትራንስፖዞኖችን (በጂኖም ውስጥ የሚዘዋወሩ ቅደም ተከተሎችን) ማፈን ስለሆነ ትራንስፖዞኑ ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል። በቅርብ ዘመዳሞች መካከል ክላስተሩ በዚያው ሰፈር ሊገኝ ይችላል፤ ውስጡ ያለው ቅደም ተከተል ግን ሌላ ነው። እንደ ፒአይአርቤዝ ያሉ ቋቶች ውስጥ ለሚሊዮኖች የተሰጠውን ቁጥር ከሰው ወደ ላም ማዛወር ትርጉም የለውም።

የሚወዳደረው ሌላ ነገር ነው። የርዝመቱ ክምር የት ላይ እንደሚወጣ፣ በአጥቢዎች ከ26 እስከ 31 ፊደል። የመጀመሪያው ፊደል ምን ያህሉ ዩ እንደሆነ። በተቃራኒ ክሮች ላይ ያሉ ሁለት ንባቦች በ5 ፕራይም በኩል በ10 ፊደል የሚደራረቡበት የፒንግ ፖንግ ምልክት መኖር አለመኖሩ። ንባቦቹ ከየትኞቹ የትራንስፖዞን ወገኖች እንደመጡ። የፒዊ ፕሮቲኖቹ ብዛትም መታየት አለበት፦ ሰው አራት አለው፤ ትንሿ የላቦራቶሪ አይጥ ሦስት ብቻ ነው ያላት፣ ፒዊል3 የላትም። በአይጧ እንቁላል ውስጥ ይህ መንገድ ብዙም ሳያስፈልግ መታየቱ ለዓመታት ለአጥቢ ሁሉ ተወስዶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ወርቃማዋ ሃምስተር ስትጠና ግን ለእንስት መራባት ግድ ሆኖ ተገኘ። በነፍሳትም ዘንድ ድሮሶፊላን (የፍራፍሬ ዝንብን) እንደ ናሙና የወሰደ ሰው ፒዊ አርኤንኤ የመራቢያ አካል ብቻ ነው ይላል፤ አብዛኞቹ ባለ መገጣጠሚያ እግር እንስሳት ግን፣ ትንኞችም ጭምር፣ በቀረው አካላቸውም ያመርቱታል። ከክብ ትሎች ደግሞ ብዙዎቹ የዘር ሐረጎች ጨርሰው ጥለውታል።

በቋት ውስጥ ያለው ነገር የሚወሰነው በላቦራቶሪ ኬሚስትሪ መሆኑንም ጽሑፉ አላነሳም። የተለመደው ዝግጅት የሚይዘው 5 ፕራይሙ ላይ አንድ ፎስፌት፣ 3 ፕራይሙ ላይ ነጻ ሃይድሮክሲል ያለውን አርኤንኤ ነው። ሲኤሌጋንስ የተባለው ትል በብዛት የሚሠራቸው 22ጂ አርኤንኤዎች ሦስት ፎስፌት ስላላቸው በኢንዛይም ሁለቱ ካልተነሱ አይያዙም። የተገመሰ ትራንስፈር አርኤንኤ 5 ፕራይም ግማሽ በ3 ፕራይም ጫፉ በፎስፌት ስለሚዘጋ በቲ4 ፖሊኑክሊዮታይድ ካይኔዝ ካልታከመ አይታይም። በተቃራኒው የፒዊ አርኤንኤ 3 ፕራይም ጫፍ ሜቲል ስለተለጠፈበት፣ ናሙናውን በሶዲየም ፔሪዮዴት ስታክመው ሌላው ይበላሻል፣ እሱ ይተርፋል። ስለዚህ በሁለት ቋቶች መካከል የሚታየው ልዩነት የሁለት ኪቶች (የናሙና ማዘጋጃ ዕቃዎች) ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ይህ ወደ መጨረሻው ነጥብ ያደርሰናል፦ «አዳፕተር መቁረጥ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው»። ለማስኬድ አዎ፣ አምስት ደቂቃ ነው። የተሳሳተውን ለማግኘት ግን ወር ሊፈጅ ይችላል። አድሎን ለመቀነስ ተብለው የተሠሩ ኪቶች በአርኤንኤው ግራና ቀኝ አራት አራት የዘፈቀደ ፊደል ያስገባሉ። ጽሑፉ እንደሚመክረው መጀመሪያ ከሁለቱም ጫፍ አራት አራት ፊደል ተቆርጦ ቀጥሎ አዳፕተሩ ከተነሳ፣ በ3 ፕራይም በኩል የተቆረጡት አራቱ የአዳፕተሩ ጭራ ይሆናሉ፤ የዘፈቀደዎቹ አራት ፊደሎች ከአርኤንኤው ጋር ተጣብቀው ይቀራሉ። 22 ፊደል የነበረው 26 ይሆናል። የርዝመት ግራፉ ላይ ክምሩ 26 ላይ ሲወጣ ያየ ጀማሪ ፒዊ አርኤንኤ አገኘሁ ብሎ ይደሰታል፤ ንባቡ ግን በጂኖሙ ላይ አያርፍም። ቅደም ተከተሉ ተቃራኒ ነው፦ በመጀመሪያ የ3 ፕራይም አዳፕተር፣ ከዚያ በኋላ ከሁለቱም ጫፍ አራት አራት።

ሌላም ወጥመድ አለ። በ50 ፊደል ንባብ ላይ፣ ከአራት አራቱ ጋር፣ 33 ፊደል ያለው አርኤንኤ 41 ቦታ ይይዛል፤ ለአዳፕተሩ የሚቀረው 9 ፊደል ነው። ፕሮግራሙን «ቢያንስ 10 ፊደል አዳፕተር ካላየህ ንባቡን ጣል» ብለህ ካዘዝከው ከ33 ጀምሮ ያለው ሁሉ ይጣላል፤ የተገመሰ ትራንስፈር አርኤንኤ በናሙናው ውስጥ «የለም» ይሆናል። ልኩን ወደ 5 ወይም 6 ዝቅ ማድረግ፣ ወይም 75 ፊደል ማንበብ ነው መፍትሔው። ከቆረጣ በኋላ ከ18 ፊደል በታች የሆነውን ጣል፣ የርዝመት ግራፉን ሥራ፣ ክምሩ 22 አካባቢ ካልወጣ ወደፊት አትሂድ። ከዚያ ንባብን በጂኖም ላይ የሚያሳርፈውን ቦውታይን በዜሮ ወይም በአንድ ስሕተት ፈቃድ አስኪድ።

ብክለትም በዚሁ ደረጃ ይመረመራል። ሌት-7 በሰውም በውሻም ያው ስለሆነ የሰው አርኤንኤ ናሙናህ ውስጥ መግባቱን አይነግርህም። የሚነግርህ በአንድ የእንስሳት ወገን ብቻ የሚገኝ ቤተሰብ ነው፤ ከትንኝ ናሙና ውስጥ የፕራይሜት ብቻ የሆነ ማይክሮ አርኤንኤ ከወጣ ትንኟ ደም መጥጣለች ወይም ቱቦው ተነካክቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሚርትሬስ የተባለ ፕሮግራም ይህን ቆጥሮ በወገን ከፍሎ ያሳያል። ሥራው ሲያልቅ ጥሬውን ንባብ በሕዝባዊ ማኅደር ስታስቀምጥ የአካሉን ዓይነት፣ የእንስሳውን ጾታና ዕድሜ፣ የኪቱን ስም፣ የአዳፕተሩን ሙሉ ቅደም ተከተልና የዘፈቀደ ፊደሎች መኖር አለመኖራቸውን አብረህ መዝግብ።